ከቅንጦት መርከብ ጓዳ፤ የአንድ ቀን ውሎ በወደብና በባሕር ላይ

ልጆቻችን በእጅ ስልካቸው ከሚያዩዋቸው ሥዕሎች አንዱ፣ እንደ ትልቅ ሆቴል ፎቅ በፎቅ ሆኖ የተሠራ ነጭ መርከብ በሰማያዊ ባሕር ላይ ሲሄድ የሚያሳየው ነው። በሰገነቱ ላይ የመዋኛ ገንዳ ይታያል፤ ሙዚቃ ይሰማል፤ ገበታው ሙሉ ነው፤ ሰዎቹም ሁሉ ይስቃሉ። ይህን ሥዕል ባሕር አጠገብ የተወለደ ልጅ ብቻ ሳይሆን፣ በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ፣ በሽንሌና በአይሻ የሚያድገውም ወጣት ያየዋል። ካየውም በኋላ ብዙ ጊዜ የሚመጣበት ሐሳብ አንድ ነው፤ ይኸውም «እኔም ወደዚያ መሄድ አለብኝ» የሚለው ነው።

እናት ግን ከሥዕሉ ይልቅ የምታየው ልጇን ነው። ልጁ የመንገድ ገንዘብ ሲጠይቃት፣ ወይም አንድ ደላላ «በመርከብ ላይ ሥራ አገኝለታለሁ» እያለ ደጃፏን ሲያንኳኳ፣ የምትሰጠው መልስ በዕውቀት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ያስፈልጋል። የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማም ይኸው ነው። በሜዲትራኒያን ባሕር የሚመላለስ አንድ የመዝናኛ መርከብ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት እንዴት እንደሚውል፣ ተሳፋሪው ምን እንደሚያይ፣ ሠራተኛውም ምን እንደሚሠራ በቅደም ተከተል እንገልጻለን፤ ከዚያም ጉዳዩ የእኛን ቤት የሚነካው በምን በኩል እንደሆነ እናመለክታለን።

ተንሳፋፊው ከተማ

ሜዲትራኒያን በአውሮፓ፣ በሰሜን አፍሪካና በምዕራብ እስያ መካከል የሚገኝ ባሕር ነው። የመዝናኛ መርከቦች በብዛት የሚያርፉባቸው ወደቦች በስፔን ባርሴሎና፣ በፈረንሳይ ማርሴይ፣ በኢጣልያ ጄኖዋ፣ ቺቪታቬኪያና ናፖሊ፣ በግሪክም ፒሬየስ ናቸው። አንድ መርከብ በአንድ ሳምንት ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ወደቦችን ይጎበኛል። ሌሊት ይጓዛል፤ ቀን ወደብ ላይ ይውላል።

መርከቦቹ በሁለት ዓይነት ሊከፈሉ ይችላሉ። አንደኛው ዓይነት እጅግ ትልቅ ሆኖ ለብዙ ሕዝብ የተሠራው ነው። ለምሳሌ ያህል በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ከፈረንሳይ የመርከብ መሥሪያ የወጣው ኤም ኤስ ሲ ወርልድ ዩሮፓ የተባለው መርከብ፣ ሲሞላ ከ6 ሺህ በላይ ተሳፋሪና ከ2 ሺህ በላይ ሠራተኛ ይይዛል። ሁለተኛው ዓይነት አነስ ያለና ለባለጸጎች የተዘጋጀ ነው፤ ጥቂት መቶ መንገደኞችን ብቻ ይዞ፣ ለአንድ ተሳፋሪ አንድ ሠራተኛ ያህል ይመድባል። የቅንጦት ትርጉሙም እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። በመርከብ ላይ ቅንጦት ማለት ከወርቅና ከመስተዋት ይልቅ የሌላ ሰው እጅ ማለት ነው። ተሳፋሪው ባረፈ መጠን የሚደክምለት ሰው አለ።

ጎሕ ሲቀድ

የወደቡ ቀን የሚጀምረው ተሳፋሪው ገና በእንቅልፍ ላይ ሳለ ነው። መርከቡ ወደ ወደቡ ሲቃረብ ፓይለት የሚባለው የወደቡ መሪ በትንሽ ጀልባ መጥቶ፣ መርከቡ ሳይቆም በጎኑ በተዘረጋው የገመድ መሰላል ይወጣል። ይህ ሰው የአካባቢውን የውኃ ጥልቀትና ጠባይ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ለካፒቴኑም አቅጣጫ ያመለክታል። ቀጥሎም ወፋፍራም ገመዶች ወደ መሬት ተወርውረው በብረት ምሰሶ ላይ ይታሰራሉ።

በዚህ ሰዓት በመርከቡ የታችኛው ክፍል ሥራው ከተጀመረ ቆይቷል። ዳቦ ጋጋሪዎች ሌሊቱን ሲሠሩ አድረዋል፤ ለብዙ ሺህ ሰው የሚሆን ቁርስ እየተሰናዳ ነው። ለምግብ ማብሰያም ሆነ ለመታጠቢያ የሚያገለግለው አብዛኛው ውኃ፣ በመርከቡ ውስጥ ባሉ መሣሪያዎች ከባሕር ተቀድቶ ጨው የሚወጣለት ነው። በየደጃፋችን ጀሪካን ይዘን ውኃ የምንጠብቅ እናቶች፣ ይህ ውኃ በስንት ሰው ድካምና በስንት ነዳጅ እንደሚገኝ መገመት አያቅተንም።

ተሳፋሪው ሲወርድ

ቁርስ ካበቃ በኋላ መውረጃው ይዘረጋል። እያንዳንዱ ተሳፋሪ ሲወርድ ካርዱ በመሣሪያ ይመዘገባል፤ ሲመለስም እንደዚሁ። በዚህ አኳኋን ማን በመርከብ ላይ እንዳለ፣ ማን ከተማ ውስጥ እንደቀረ በየደቂቃው ይታወቃል። አውቶቡሶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። በቺቪታቬኪያ የወረደው መንገደኛ ሮምን ለማየት ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል፤ በናፖሊ የወረደው የቬሱቪየስን እሳተ ገሞራ ወይም የፖምፔይን ፍርስራሽ ሊመለከት ይሄዳል፤ በግሪኳ ሳንቶሪኒ ደሴት ግን ትልቁ መርከብ መሬት ድረስ ስለማይጠጋ፣ ተሳፋሪው በትንንሽ ጀልባዎች ወደ ገደሉ ሥር ይመጣና በገመድ በሚሳብ ሣጥን፣ በበቅሎ ወይም በእግሩ ወደ ላይ ይወጣል።

ተሳፋሪው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ብርቱ ደንብ አለ። መርከቡ መቼ እንደሚነሣ አስቀድሞ ይነገረዋል፤ ከዚያ ሰዓት ቢዘገይ መርከቡ አይጠብቀውም። በግሉ ወደ ከተማ ሄዶ የዘገየ ሰው በራሱ ወጪ እስከሚቀጥለው ወደብ ሊከተል ይገደዳል። የእኛ አገር ፓስፖርት የያዘ መንገደኛ ደግሞ መርከቡ ላይ ከመሳፈሩ በፊት፣ ለሚያርፍባቸው አገሮች ቪዛ ማግኘት አለበት። መርከቡ ከአውሮፓ ክልል ወጥቶ ዳግም የሚገባ ከሆነ፣ ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን ይኖርበታል።

ለወደብ ከተሞች ነዋሪዎች ይህ እንግዳ መብዛቱ በረከትም ጣጣም ነው። ሱቁና ሻይ ቤቱ ይገበያል፤ ይሁን እንጂ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚወርደው ብዙ ሺህ ሰው መንገዱን ያጨናንቀዋል፤ ምሳውን ተመልሶ በመርከቡ ላይ ስለሚበላም ለከተማው የሚተወው ገንዘብ እንደ ብዛቱ አይሆንም። በዚህ ምክንያት የኢጣልያ መንግሥት ከሐምሌ 25 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ታላላቅ መርከቦች በቬኒስ ከተማ መካከል እንዳያልፉ ከልክሏል። ግሪክም በሳንቶሪኒ በአንድ ቀን የሚወርደው የመርከብ ተሳፋሪ ከ8 ሺህ እንዳይበልጥ አድርጋለች፤ ከ2017 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በዋናው የጉብኝት ወቅት ከእያንዳንዱ ተሳፋሪ 20 ዩሮ ማስከፈል ጀምራለች።

የጓዳው ውሎ

ተሳፋሪው ሮምን ሲያይ፣ የመኝታ ክፍል ሠራተኛው አንሶላ ይቀይራል። አንድ ሠራተኛ አሥራ አምስት፣ አንዳንዴም ሃያ ክፍሎች ተመድበውለት በቀን ሁለት ጊዜ ያጸዳቸዋል። ጧት አልጋ ያነጥፋል፤ ማታ ተሳፋሪው እራት ላይ ሳለ ተመልሶ ገብቶ መኝታውን ያመቻቻል፤ ለሕፃናት ደስታም ፎጣውን በዝሆን ወይም በጥንቸል መልክ አጣጥፎ አልጋ ላይ ያኖራል። የልብስ ንጽሕና ክፍሉ ከመርከቡ ግርጌ ነው። እዚያ የሚሠራው ሰው ከእንፋሎትና ከመኪና ድምፅ ጋር ይውላል፤ ባሕር ላይ እየኖረ ባሕሩን የሚያይበት መስኮት የለውም።

የመዝናኛ መርከብ ሠራተኛ ሁሉ መርከብ የሚነዳ እንዳይመስለን። ሥራው በሦስት ክፍል ነው፤ አንደኛው የመርከቡን ጉዞ የሚመራው፣ ሁለተኛው ኤንጂኑን የሚጠብቀው፣ ሦስተኛው የሆቴሉን ሥራ የሚያካሂደው ነው። ከሁሉም የሚበዛው ሦስተኛው ሲሆን ወጥ ሠሪው፣ አስተናጋጁ፣ ዕቃ አጣቢው፣ ልብስ ተኳሹና የሕፃናት ሞግዚቷ ሁሉ እዚህ ክፍል ውስጥ ይገኛሉ። ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያና ከሕንድ የመጡ ሠራተኞች ከፍተኛውን ቁጥር ይይዛሉ።

የሠራተኛው መኖሪያ ጠባብ ክፍል ነው፤ ብዙውን ጊዜ ለሁለት ይተኛሉ፤ አልጋውም ተደራራቢ ነው። የኮንትራቱ ዘመን በአብዛኛው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሳምንት እረፍት ብሎ ሙሉ ቀን የሚያርፈው ሠራተኛ ጥቂት ነው። ዓለም አቀፉ የመርከበኞች የሥራ ስምምነት፣ ሠራተኛው በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10 ሰዓት፣ በሰባት ቀን ውስጥ ደግሞ ቢያንስ 77 ሰዓት እንዲያርፍ ይደነግጋል። ይህ ማለት በሕጉ ወሰን ውስጥ እንኳ አንድ ሰው በቀን እስከ 14 ሰዓት ሊሠራ ይችላል ማለት ነው። ጎሕ ሳይቀድ ተነሥታ የሻይ ምድጃ ለምታቀጣጥል የጅግጅጋ እናት ይህ ሰዓት አዲስ ላይሆን ይችላል። ልዩነቱ እርሷ ማታ ቤቷ መግባቷና የልጆቿን ፊት ማየቷ ነው።

የወደቡ ቀን ለሠራተኛውም የራሱ ጉዳይ አለው። ተረኛ ያልሆነው ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ተፈቅዶለት ይወርዳል። እርሱ ግን ወደ ፍርስራሽና ወደ ቤተ መዘክር አይሄድም። በወደቡ አጠገብ ወዳለው የገንዘብ መላኪያ፣ ወይም ስልክና ኢንተርኔት በርካሽ ወደሚገኝበት የመርከበኞች ማረፊያ ይፈጥናል። ለእናቱ ይደውላል፤ ለልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ይልካል፤ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ገዝቶ ይመለሳል። በዚያች አጭር ሰዓት አባትና እናት፣ ባልና ሚስት ይሆናል፤ ከዚያም ደንብ ልብሱን ይለብሳል።

ማታ በባሕር ላይ

ፀሐይ ስትጠልቅ ገመዱ ይፈታል። መርከቡ ከወደብ ሲወጣ ቀኑን ሙሉ ተዘግተው የዋሉት የቁማር ቤቱና ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ የሚሸጥባቸው ሱቆች ይከፈታሉ፤ ምክንያቱም ወደብ ላይ ሳሉ የዚያ አገር ሕግ ያግዳቸዋል። እራት ይቀርባል፤ ቴአትርና ሙዚቃ ይከተላል። ሕፃናት በዕድሜያቸው ተከፋፍለው በሚጠበቁበት ክፍል ይጫወታሉ፤ ወላጆቻቸውም ያለ ሐሳብ ያመሻሉ። በእውነቱ ልጅን የሚጠብቅ የታመነ ሰው ማግኘት ለማንኛዋም ሠራተኛ እናት ትልቅ እረፍት መሆኑ አይካድም።

በብዙ መርከቦች ላይ ከተሳፋሪው ሒሳብ በየቀኑ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጣል። የአስተናጋጁና የመኝታ ክፍል ሠራተኛው ገቢ በከፊል የሚመካው በዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ሠራተኛው ቢያመውም፣ ቢናፍቅም፣ ከቤት ክፉ ወሬ ቢደርሰውም፣ ፈገግታው እንዳይጠፋ ይጠበቅበታል። በሥዕሉ ላይ ልጆቻችን የሚያዩት ፈገግታ አንዱ ክፍል የደመወዝ ሥራ መሆኑን ማወቅ ይገባል።

ይህን ስንል ሥራው ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ምግብና መኝታ በቀጣሪው ስለሚቻል፣ ቁጠባ የሚያውቅ ሠራተኛ ጥሩ ገንዘብ ሊያጠራቅም ይችላል፤ ሙያም ይማርበታል። ሊነገር የሚገባው ግን ሥራ መሆኑ ነው፤ ሽርሽር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በዓለም ላይ በተስፋፋ ጊዜ ተሳፋሪው ወደ አገሩ ሲመለስ፣ በብዙ አሥር ሺህ የሚቆጠሩ የመዝናኛ መርከብ ሠራተኞች ወደቦች ተዘግተውባቸው ለወራት ባሕር ላይ መቅረታቸው ይታወሳል።

አደጋ ሲመጣ

ጥር 4 ቀን 2004 ዓ.ም. ማታ ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው የመዝናኛ መርከብ ከ4 ሺህ 200 በላይ ሰዎችን ይዞ ከቺቪታቬኪያ እንደተነሣ፣ ጂሊዮ በተባለች የኢጣልያ ደሴት አጠገብ ከአለት ጋር ተጋጭቶ ተጋደመ። 32 ሰዎች ሞቱ። ካፒቴኑ መርከቡን ከመስመሩ አውጥቶ ወደ ደሴቲቱ አስጠግቶት ነበር፤ ሰዎች ሳይወጡም ራሱ ቀድሞ ወርዷል፤ በኋላም በፍርድ ቤት የ16 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። የዚያን ዕለት የተሳፈሩት ብዙዎቹ መንገደኞች ስለ ሕይወት አድን ጀልባዎች ገና ልምምድ አላደረጉም ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓለም አቀፉ ደንብ ተሻሽሎ፣ አዲስ ተሳፋሪ ሁሉ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም ወዲያውኑ እንደተነሣ የአደጋ ጊዜ መሰብሰቢያውንና የሕይወት አድን ጃኬቱን አለባበስ እንዲማር ግዴታ ሆኗል። አልጋ የሚያነጥፈው ሠራተኛም በአደጋ ጊዜ የተመደበለት ጀልባና የሚመራቸው ሰዎች አሉት።

የባሕር ሕግ ሌላም ግዴታ አለው። ማንኛውም የመርከብ ካፒቴን በባሕር ላይ በሞት አፋፍ ያለ ሰው ሲያገኝ፣ ማንነቱን ሳይጠይቅ ሊያድነው ይገባል። መስከረም 15 ቀን 2007 ዓ.ም. ሳላሚስ ፊሎክሴኒያ የተባለው የመዝናኛ መርከብ ተሳፋሪዎቹን ይዞ ወደ ቆጵሮስ ሲመለስ፣ በማዕበል የተያዘች ጀልባ እንዳለች ተነግሮት ሄደና 345 ሰዎችን አዳነ። አብዛኞቹ ከሶርያ ጦርነት የሸሹ ሲሆኑ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩባቸው። በዚያን ዕለት ለሽርሽር የወጣውና ነፍሱን ለማዳን የወጣው በአንድ መርከብ ላይ ተገናኙ።

ያው ባሕር፣ ሌላ ጀልባ

ይህ ባሕር የእኛንም ልጆች የሚያውቅ ባሕር ነው። በሶማሊኛ «ታህሪብ» የሚባለው የስውር ጉዞ ምን ማለት እንደሆነ ለጅግጅጋና ለአካባቢዋ እናቶች ማስረዳት አያስፈልግም። ወጣቱ አንድ ማታ ለማንም ሳይናገር ይጠፋል፤ በሱዳን አድርጎ ወደ ሊቢያ ይሻገራል። አሸጋጋሪው መጀመሪያ ላይ ገንዘብ አይጠይቅም፤ «ስትደርስ ትከፍላለህ» ይለዋል። ልጁ በረሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ስልኩ የሚደወለው ለእናት ነው። ሕዝቡ ይህን ሰው «ማጋፌ» ይለዋል፤ የማይስት ማለት ነው። ብሩ እስኪላክ ልጁ ይደበደባል፤ እናትም ጩኸቱን በስልክ እንድትሰማ ይደረጋል። ያን ጊዜ የጋብቻ ወርቅ ይሸጣል፤ ግመሉና ፍየሉ ይሸጣል፤ የጉልቱ መነገጃ ያልቃል፤ የቀሩት ልጆች ከትምህርት ቤት ይወጣሉ።

ገንዘቡ ተከፍሎም ባሕሩ ይቀራል። በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. አንዲት ከመጠን በላይ የጫነች ጀልባ በሜዲትራኒያን ሰጥማ 500 ያህል ሰዎች ሳይሞቱ እንዳልቀሩ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽን አስታውቋል። በሕይወት ተርፈው ካላማታ ወደተባለው የግሪክ ወደብ የደረሱት 41 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ ውስጥ 23ቱ ሶማሊያውያን፣ 11ዱ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ አንድ የሦስት ዓመት ሕፃንም ነበረባቸው። እንደ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ምዝገባ፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ በዚህ ባሕር የሞቱትና የጠፉት ከ30 ሺህ በላይ ናቸው።

ስለሆነም ለልጅ «ባሕር አትሂድ» ብሎ ዝም ማለት በቂ አይሆንም። ልጁ በሥዕል ያየው መርከብ አለ፤ ሥራውም አለ። ሊነገረው የሚገባው ወደዚያ የሚያስገባው በር ሌላ መሆኑን ነው።

ትክክለኛው በር

ጅግጅጋና አካባቢዋ ለባሕር እንግዳ አይደሉም። ከጅግጅጋ በቶጎ ውጫሌና በሐርጌሳ በኩል እስከ በርበራ ወደብ ያለው መንገድ ከ300 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ ነው፤ ከአዲስ አበባ ግን ከዚህ በሦስት እጥፍ ያህል ይርቃል። በሰሜን በኩል ደግሞ የምድር ባቡር ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ በደወሌ፣ በአይሻ፣ በአዲጋላና በሽንሌ አልፎ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገብቷል። በዚያን ዘመን ከማርሴይ በመርከብ የተሳፈረ መንገደኛ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ፣ በስዊዝ ቦይ አልፎ ጅቡቲ ይወርድና፣ በነዚሁ ከተሞች በኩል ወደ መሐል አገር ይመጣ ነበር። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲሄዱ በዚሁ በጅቡቲ በኩል ነው መርከብ የተሳፈሩት። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በዚያው አቅጣጫ ይመላለሳል።

አገራችን የንግድ መርከብ ድርጅት ካቋቋመች ቆይታለች፤ የኢትዮጵያ የባሕር ትራንስፖርት የተመሠረተው በ1956 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ድርጅቱ በቻይና አሠርቶ ከተረከባቸው ዘጠኝ መርከቦች መካከል ደግሞ አንዱ «ጅግጅጋ» የሚል ስም ተሰጥቶታል። እርግጥ ይህ የጭነት መርከብ ነው፤ መዋኛ ገንዳና ቴአትር የለበትም። በእንዲህ ያሉ መርከቦች ላይ ግን ኢትዮጵያውያን ካፒቴኖች፣ መሐንዲሶችና መርከበኞች ሠርተው ቤተሰብ አስተዳድረዋል። በአሁኑ ጊዜ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ተቋምና በቢሾፍቱ የሚገኘው የባቦጋያ አካዳሚ የባሕር ሙያተኞችን ያሠለጥናሉ። በምሕንድስና የተመረቁ ወጣቶች እዚያ ሠልጥነው በውጭ አገር መርከቦች ላይ ተቀጥረዋል። የመርከበኛ ማስረጃ የሚሰጠውም የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣን ነው።

ለሴት ልጆቻችንም በሩ ዝግ አይደለም፤ ጠባብ መሆኑ ግን እውነት ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. በወጣ ዓለም አቀፍ ዘገባ መሠረት፣ የምስክር ወረቀት ካላቸው የዓለም መርከበኞች መካከል ሴቶቹ ከመቶ ሁለት እንኳ አይሞሉም። በርከት ብለው የሚገኙት በመንገደኛና በመዝናኛ መርከቦች ላይ ነው። ሒሳብና ፊዚክስ ጠንቅቃ የተማረች፣ እንግሊዝኛም የምትናገር ልጅ ግን ከወንድሟ ያነሰ ዕድል የሚኖራት ምክንያት የለም።

ከመክፈል በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደላላው ሲመጣ ያስቸኩላል። «ዛሬ ካልከፈላችሁ ቦታው ይሞላል» ይላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ እዚህ ላይ ቀስ ማለት ይጠቅማል። ስለዚህ እናቶች የሚከተሉትን እንዲጠይቁ እንመክራለን።

አንደኛ፣ ክፍያው የምን ነው? በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣውና ከነሐሴ 2005 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የመርከበኞች የሥራ ስምምነት፣ ሥራ አገናኝ ከሠራተኛው የቅጥር ገንዘብ እንዳይቀበል ይከለክላል። መርከበኛው ሊከፍል የሚችለው የሕክምና ማስረጃ፣ የመርከበኛ ደብተርና የፓስፖርት ወጪ ነው። ከዚህ ውጪ «የቦታ መያዣ» እየተባለ የሚጠየቅ ገንዘብ ካለ መጠርጠር ይገባል።

ሁለተኛ፣ ኮንትራቱ የታለ? የመርከቡ ስም፣ የባለቤቱ ስም፣ ደመወዙ፣ የሥራና የእረፍት ሰዓቱ፣ የኮንትራቱ ዘመን በጽሑፍ ሰፍሮ ልጁ ከመነሣቱ በፊት አንብቦ መፈረም አለበት። መርከቦች ብዙውን ጊዜ የሚመዘገቡት እንደ ባሃማስ፣ ፓናማና ማልታ ባሉ አገሮች ስለሆነ፣ ክርክር ሲነሣ የየትኛው አገር ሕግ እንደሚሠራ ማወቁም ይጠቅማል።

ሦስተኛ፣ ሥልጠናውን አጠናቋል? ማንም ሰው መርከብ ላይ ተመድቦ ከመሥራቱ በፊት በውኃ ላይ ሕይወትን ስለማትረፍ፣ እሳት ስለማጥፋትና ስለ መጀመሪያ ሕክምና ርዳታ መሠልጠን አለበት። «ሥልጠና አያስፈልግም» የሚል ደላላ ስለ መርከብ አያውቅም፤ ወይም እያወቀ ይዋሻል።

አራተኛ፣ መመለሻው በማን ነው? ኮንትራቱ ሲያበቃ ወይም ሠራተኛው ሲታመም ወደ አገሩ የመመለሻው ወጪ የመርከቡ ባለቤት ግዴታ ነው። ይህ በኮንትራቱ ውስጥ መጻፉን ማየት ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ መንገዱ በየት ነው? ሕጋዊ መርከበኛ ፓስፖርቱንና የመርከበኛ ደብተሩን ይዞ፣ በቀን ብርሃን፣ ቤተሰቡን ተሰናብቶ ይሄዳል። በሌሊት የሚነሣ፣ በበረሃ የሚያልፍ፣ ለእናት የማይነገር ጉዞ ወደ መርከብ ሥራ አያደርስም።

እነዚህን ጥያቄዎች ከደላላው ይልቅ አስቀድሞ ለልጁ ራሱ ማቅረብ ደግሞ የበለጠ ይረዳል። ቁጣና ልቅሶ ልጁን ምስጢሩን እንዲደብቅ ያደርገዋል። ሻይ ቀርቦ፣ ስልኩ መሐል ተቀምጦ፣ «ይህ መርከብ ላይ ማን ይሠራል? ሲወርድ ለማን ይደውላል? ይህን ሥራ ብትፈልግ ምን መማር ይኖርብሃል?» ብሎ መነጋገር ግን አእምሮውን ይከፍታል። የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ከሆነ ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን እንዲያጠብቅ፣ ትምህርቱን የጨረሰ ከሆነ የሥልጠና ተቋማቱን መስፈርት እንዲጠይቅ መርዳት ይቻላል። አባቶች፣ አጎቶችና መምህራንም በዚህ ውይይት ውስጥ ሊገቡ ይገባል፤ የልጅ ዕጣ በእናት ትከሻ ላይ ብቻ የሚጣል ሸክም አይደለምና።

ባሕር ለሠራተኛ እንጀራ፣ ለተዝናና መንገደኛ ደስታ፣ ሳያውቁ ለሚገቡበት ግን መቃብር ሊሆን ይችላል። ልጆቻችን ከሦስቱ በየትኛው በኩል እንደሚያገኙት በብዙ መጠን የሚወስነው፣ ገና ከቤት ሳይወጡ የሚሰሙት ቃልና የሚያገኙት ዕውቀት ነው።